እሳት የማያውቁ በያጆች

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ታድለው! በእነሱ ጊዜ ጉድ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነበር፤ ያውም አደይ አበባ አስይዞ። የዛሬው ጉድ ወር አይጠብቅም፣ በር አያንኳኳም፣ እንደምን አደራችሁም አይል። እናንተ እንደ እኔ ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ሙሉ የምትፈልጉት የዘመን ጓደኞቼ፣ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ፤ ያለ እሳት መበየድ ተጀምሯል።

አዎ፣ ብየዳ። ያለ እሳት፣ ያለ ብረት፣ ያለ ኤሌክትሮድ። ልጁ ራሱ ላይ ጥቁር ሣጥን ይደፋል፣ በእጁ መያዣ ይጨብጣል፣ ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ቁራጭ ይቆምለታል፤ ከዚያ በሌለ እሳት፣ የሌለን ብረት፣ ከሌላ የሌለ ብረት ጋር ያጣብቃል። ሲጨርስ መዶሻ አንስቶ ቅርፊቱን አያራግፍ፣ በሽቦ ብሩሽ አያጸዳ፤ ማርክ ይሰጠዋል። ሲሙሌተር ይሉታል። ምነው ሸዋ!

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በያጅ ነበርሁ። ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ አደግሁ፤ ኋላ ወልቂጤ ገብቼ የራሴን ቤት ከፈትሁ። ከከተማው በርና መስኮት ግማሹ የእጄ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ሲከፈት ሲጢጥ የሚለው ነው።

ዓለም የተበላሸው ዛሬ አይደለም፤ ሰንብቷል። ወልቂጤን ያኔ ብታዩዋት! አቧራዋ እንኳ ጨዋ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ቁጭ ይል ነበር። ዛሬ ባጃጁ በቀኝም በግራም እየጮኸ ያልፋችኋል፣ እግራችሁን አውርዳችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። በ2004 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተና አገሩ በተማሪ ተሞላ፤ ጎረምሳው ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ወትፎ ብቻውን እየሳቀ ይሄዳል። ድሮ ብቻውን የሚስቅ ሰው ጠበል ይወሰድ ነበር። (ተማሪው በመጣ ጊዜ ለሚያከራዩት ቤቶች የመስኮት ፍርግርግ ስሠራ ቆይቼ ጣሪያዬን መቀየሬ ሌላ ጉዳይ ነው።) ቡታጅራም ብሄድ አልተረፈችልኝም። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ኩራቷ ጨምሯል፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት ሰፈር ዛሬ ሕንጻ በቅሎበት የተወለድሁበትን ቤት መንገድ ልጅ ጠይቄ አገኘሁት።

መኪናውንስ ቢሆን? ድሮ ኤንትሬ ነበር። ኤንትሬ መኪና ነው! የግቤን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ ቢል እንኳ በክብር ነበር እምቢ የሚለው፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘሎ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ሁሉንም ታቦት በየተራ ይጠራል፣ ተሳፋሪው ይተዋወቃል። ዛሬ ሲኖትራክ መጣና ሕዝቡ ራሱ ቀይ ሽብር ብሎ ስም አወጣለት። ሁለቱም ይገለበጣሉ አትበሉኝ። የኤንትሬ አገለባበጥ ሌላ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። እኛ እንዴት እንደተማርን የሚነግራችሁ ሰው አልቋልና ስሙኝ። አባቴ ቅቤ ይዞ፣ ብዙ ለምኖ፣ ካጠፋ ግረፈው ብሎ ለአለቃዬ አስረከበኝ። መጀመሪያ መጥረግ ነው። ቀጥሎ ቡና ማመላለስ። ቀጥሎ የሞተር ዕቃ በናፍጣ ማጠብ። ከዚያ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ትራፓኖ የሚባሉትን የአባቶቻችንን ዕቃዎች በስማቸው ለይቶ ማቀበል። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በፈረንጅ ቃል ካልጠሩት አይጥማቸውም።

የብየዳው ተራ ሲደርስ ማሽኑ አይነሳም። አለቃዬ ለተለማማጅ ኤሌክትሮድ የሚያቃጥል ሰው አልነበረም፤ እኔም ኋላ አልሆንሁም፤ ዋጋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሽኑ እንደጠፋ ያለቀ ኤሌክትሮድ ቁራጭ መያዣው ላይ ይሰካልኛል፣ አሮጌ ላሜራ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምርልኛል፣ “ሂድ” ይለኛል። እሄዳለሁ። ጫፉ ብረቱን እንዳይነካ፣ እንዳይርቅም፤ ክፍተቱ ከሽቦው ውፍረት እንዳይበልጥ። መያዣው ወደምሄድበት ትንሽ ዘመም እንዲል። ፍጥነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እንዲሆን፤ ከቸኮልሁ ብየዳው ይቀጥናል፣ ከዘገየሁ ይከመራል፣ ቀጭን ላሜራ ከሆነማ ይበሳል። የእሳቱን ድምፅ ደግሞ በአፌ እንዳሰማ ያዝዘኝ ነበር፤ “ሽሽሽሽሽ” እያልሁ። ትንፋሼ ከተቆረጠ ብየዳህም እዚያ ጋ ተቆረጠ ይለኛል፤ እጄ ከተንቀጠቀጠ ክርኔን በማስመሪያ ያሳርፍብኛል። እንዲህ ሆኜ ስንት ወር! ያለ እሳት፣ ያለ መብራት፣ አንዲት ብረት ሳላጣብቅ። ሥልጠና ማለት ያ ነው።

መኪና መንዳትም የተማርሁት እዚያው ግቢ ነው። ጥግ ላይ ሞተሯ ወጥቶ በድንጋይ የቆመች አንዲት ኤንትሬ ነበረች። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ እሷ ላይ ወጥተን ፍሪሲዮን እንረግጣለን፣ ማርሽ እንቀይራለን፣ ሞተሩን በአፋችን እናስነሳለን። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ “ላም ገባች!” ይላል፤ ፍሬን። “ፍሬን የለም!” ይላል፤ ማርሽ ወደታች። “ጭቃ ነው!” ይላል፤ መሪውን አትሰብረው። ግቤን ሳላየው በፊት እዚያች መኪና ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ወርጄዋለሁ። ኋላ እውነተኛውን ቁልቁለት ሳገኘው አዲስ አልሆነብኝም። ያ ነው ትምህርት፣ እንጂ ስክሪን ፊት ተቀምጦ መሪ ማሽከርከር ምን ይባላል? አሁን ለኤክስካቫተርና ለሎደር ኦፕሬተር ሳይቀር ወንበርና ማንሻ ያለው እንዲህ ዓይነት ነገር አለ አሉኝ፤ አፈሩ ስክሪን ላይ ነው የሚዛቀው። ወገን፣ እኛ እኮ በ1950ዎቹ ጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ብለን ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ባላገር ሳንቲም አዋጥተን አገር ያገናኘን ሰዎች ነን! ያኔ ገደሉ ገደል ነበር። ማሽን ገደል የሰደደ ኦፕሬተር እንኳ በየሠርጉ እየተጠራ ታሪኩን ያወራ ነበር፤ የተረፈ ከሆነ።

ልብስ ሰፊዎችን ተመልከቱ። ጀማሪው መጀመሪያ ክር የሌለው መርፌ መስመር ባለው ወረቀት ላይ ያስሮጣል፤ ቀጥ ያለውን፣ ቀጥሎ ማዕዘኑን፣ ቀጥሎ ክቡን። ወረቀቱ መስመሩን ተከትሎ ከተበሳ ጨርቅ ይሰጠዋል። ንጹሕ አሠራር ነው። ማንም ሣጥን ራሱ ላይ አልደፋም።

ታዲያ እነዚህ እሳት ሳያዩ በያጅ ነን የሚሉ ልጆች ምን ሊያውቁ ነው? እኛ እኮ ብርሃኑ ዓይናችንን ሲመታን ሌሊቱን አሸዋ የፈሰሰበት መስሎን እያለቀስን፣ ጥሬ ድንች ቆርጠን ዓይናችን ላይ ለጥፈን ያደርን ሰዎች ነን። ወይ ያ ድንች! ጋራዡ ሁሉ ተሰልፎ ድንች ለጥፎ ይተኛ ነበር፤ ፍቅራችን ከዚያ የመጣ ነው። የዛሬው ሠልጣኝ ድንች የሚያውቀው በችፕስ ነው። ይኸው የግራ እጄን ተመልከቱ፤ ሌባ ጣቴ ግማሹ የለም፣ ለቶርኖ ሰጥቼዋለሁ። ሲ ኦ ሲ ተፈትነዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝን ልጅ ይህን ጣት አሳየሁት። የጎደለውን፣ ማለቴ ነው። ዓይኔም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ደኅና ነው፤ ጋዜጣ አይነበብልኝም እንጂ።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ የልጅ ልጄ ናት። ብየዳ እማራለሁ ብላ አዲስ አበባ ገባች። ሴት ልጅ በያጅ መሆኗን እንኳ በሁለት ሳምንት ኩርፊያ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን ለሰው ሁሉ የማወራው እሱን ነው። የሣጥኑን ነገር ስትነግረኝ ግን አልችልም አልሁ። “አባባ፣ መጀመሪያ በሱ እንለማመዳለን፣ እጃችን ሲጸና ወደ እውነተኛው እሳት እንገባለን” ትለኛለች። እጅ የሚጸናው በማስመሪያ ነው አልኋት።

እሷ መልስ አታጣም፣ በእናቷ ወጥታለች። “የአየር መንገዳችን አብራሪዎችስ?” አለችኝ። እውነት ነው፣ ቦሌ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አካዳሚ በአየር ላይ የማይሄድ አውሮፕላን አለ፤ ለቦይንግ 787ቱም፣ ለኤርባስ 350ውም፣ ለኪው 400ውም። እንደ ትልቅ ሣጥን በእግሮች ላይ የቆመ ነው፤ ይዘምማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡ መሪውም መለኪያውም እንደ ዋናው ነው፤ ሞተር ሲጠፋ፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ ጎማ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ እዚያው ይለማመዱታል። ከሌላው የአፍሪካ አገርም እየመጡ ይማሩበታል። እሱን ይቅር ብያለሁ። እኔን ጭኖ ሞተር አጥፍቶ የሚለማመድ አብራሪ አልፈልግም። ብየዳ ግን ሌላ ነው፤ ብየዳ ሲበላሽ የሚወድቀው ቆጥ ነው፣ ጣሪያ ነው፣ ቢበዛ የውኃ ታንከር ከነማማው ነው።

ደግሞ የነገሩን መነሻ ነገረችኝና አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ነው አሉ። አባቱ ኦርጋን የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ልጁም በዚያው ሲያድግ አውሮፕላን መንዳት አማረው፣ ትምህርቱ ግን በገንዘብ ተወደደበት። በእነሱ አቆጣጠር በ1929 ገደማ፣ ኦርጋኑን የሚነፋውን ወናፍና ቧንቧ ወስዶ መሬት ላይ የሚዘምም፣ ክንፉ አጭር የሆነ አውሮፕላን ሠራ። ሰዉ እንደ መጫወቻ አየው፤ መዝናኛ ቦታ ላይ ልጆች ሳንቲም እየከፈሉ ይሳፈሩበት ነበር። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዝዘው በክፉ አየር በርካቶች ሲሞቱ፣ ጦሩ መጥቶ ስድስት ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች በዚያ ሣጥን ተማሩ።

ልብ በሉ፤ ወናፍ! የቀጥቃጭ ዕቃ! የእኛ ዕቃ! ፈረንጅ ይህን ሁሉ ሲራቀቅበት የኖረው በወናፍ ነው። አንጥረኛው በየመንደሩ እግሩን አጣጥፎ ሲያናፋ ማን ዞሮ አየው? ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሲሙሌተር የእኛ ነው እያልሁ በየቡና ቤቱ እከራከራለሁ። የእኛ ስለሆነ ግን እደግፈዋለሁ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ “ሳታይ አትማረር” ብላ ወሰደችኝ። የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም፤ የሚያሠለጥነውም ልጅ ጢሙ ገና ሳይጠና እኔን “አባቴ፣ ይሞክሩት” ያለ ደፋር ነው። ካፖርቴን አወለቁ፣ ሣጥኑን ደፉብኝ። ውስጡ ጨለማ መስሎኝ ነበር፤ ወርክሾፕ ነው። ግድግዳው አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ሁለት ላሜራ በቲ ቅርጽ ቆሟል። መያዣውን ጠጋ ሳደርገው ቸስ ብሎ ተነሳ! እሳቱ በራ፣ የቀለጠው ብረት ቀይ ሆኖ ከኋላዬ ተከተለኝ፣ የያዝሁት ኤሌክትሮድ እየሄድሁ አጠረብኝ። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ልማድ ነው። ሲያልቅ ልዳስሰው እጄን ብሰድ አየር ነው። በቡታጅራ አጠገብ ሐረ ሸይጣን የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለን፣ ከአፋፉ ቁልቁል ብትወረውሩ ድንጋዩ ውኃው ጋ አይደርስም የሚባል፤ ውኃው ከእግራችሁ ሥር ተንጣሎ ትወረውራላችሁ፣ ትወረውራላችሁ፣ አንዴም ጠብ አይልም። ያ ብየዳም እንደሱ ነው፤ ታየኝ እንጂ አልደረስሁበትም።

ከዚያ ማርኩ መጣ። ከመቶ 43።

ለእኔ! ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ክሱን ዘረዘረው፤ ማዕዘኑ ዘሟል፣ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ፍጥነቱ መሐል ላይ ጨምሯል። ልጁ “አባቴ፣ ሲሄዱ ትንሽ ይቸኩላሉ” አለኝ። እንዲህ ያለኝ የመጨረሻው ሰው አለቃዬ ነበር፤ እሱ እንኳ ማስመሪያ ይዞ ነው። የልጅ ልጄ ከኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷ ባለፈው 92 አምጥታለች፤ መሣሪያው አዳላ። ጢያ ላይ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ድንጋይ ጠርበው ሠይፍ ቀርጸው ያቆሙትን ሰዎች ማን ማርክ ሰጣቸው? ይኸው ሠላሳ ስድስቱ ቆመዋል፣ ዩኔስኮ ራሱ መጥቶ መዘገባቸው እንጂ ክፍተታችሁ ሰፋ አላላቸውም።

ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምሁት። እንደገናም ደገምሁት፤ መሣሪያውን ለማረም ነው። ትንፋሼን ይዤ፣ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ “ሽሽሽሽ” እያልሁ ሄድሁ። ከፍ አለ። ከኋላዬ ሠልጣኞች ተሰልፈው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የዛሬ ልጅ ወረፋ መጠበቅ አያውቅም፣ ሽማግሌ ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ። ምሳ ሰዓት ሆነ ሲሉኝ ሂዱ ብሉ አልኋቸው። ዘበኛው ሊዘጋ ሲመጣ 78 ላይ ነበርሁ፤ የልጅ ልጄ እጄን ይዛ አወጣችኝ፤ ለማኅበር ስብሰባ እንኳ እንዲህ ተጎትቼ ወጥቼ አላውቅም። እስካሁን የማይገባኝ አለመቃጠሌ ነው። ልብሴ አልተበሳ፣ ዓይኔ አልቀላ፣ ድንች አላስፈለገኝ። ቀኑን ሙሉ በይጄ ባለቤቴ “የት ዋልህ?” አለችኝ። በያጅ መሆኔን በጭስ ሽታዬ ያውቁት ነበር እኮ!

መብራት ሲሄድስ? አልኋቸው፤ መቼም ይሄዳል። መሣሪያው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። የእኔም ማሽን መብራት ሲሄድ መቆሙ እውነት ነው፤ ግን የእኔ ሲቆም ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ይወራል።

አሁን ደግሞ እዚህ ወልቂጤ ቢመጣ ምን ይመስልሃል ትለኛለች የልጅ ልጄ። እኔ ምን ቸገረኝ። መምጣቱ ካልቀረ ግን እዚህ ሰፈር፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ይሁን፤ ቡታጅራዎች ለእኛ ይገባል ቢሉ አልሰማም፤ ተወልጄባታለሁ እንጂ አልኖርባትም። ጠዋት ጠዋት እየሄድሁ እታዘበዋለሁ። አንዳንድ መታረም ያለበትም አለ። አንደኛ፣ ጭስ ይጨመርበት፤ ጭስ የሌለው ብየዳ ላይ ሰው ይፈዛል። ሲሳሳት ፒንሳ የሚወረውር አለቃ ይግባበት፤ ስድቡን እኔ በነጻ አስቀዳለሁ፣ እስከ ሰባት ቤት የሚደርስ አለኝ። ከሥር “አባባ ብልጭልጭ!” እያለ ማስኩን የሚጎትት የጎረቤት ሕፃን ይኑር። ከሁሉ በላይ ግን ደንበኛ ይጨመርበት። በሩን ራሱ ለክቶ የሰጠ፣ ሲገጠም “አጥሯል” የሚል፣ ቀለሙ ይለወጥ የሚል፣ ለዘመድ ነው የምታደርገው የሚል፣ በመጨረሻም ለመስቀል አገር ቤት ስገባ እከፍልሃለሁ ብሎ ለቀጣዩ መስቀል የሚያሳድር ደንበኛ። እሱ ላይ 92 ያመጣች እንደሆነ ያን ጊዜ በያጅ ናት እላለሁ። እኔ እስከ ዛሬ አላለፍሁትም፤ ይኸው አንደኛው ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤት ተቀምጦ በትልቁ ብርጭቆ አቮካዶ እየጠጣ፣ በዚያ በሠራሁለት በር ሥር፣ እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል።